ሁለት ጣሳ ጨው

ግራምን የፈጠረው ሰው እናቴን አያውቃትም። ቢያውቃት ኖሮ ገና ሲጀምረው ይተወው ነበር።

እኔ መቅደስ እባላለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ስልሳ ሦስት ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በግንቦት ሙቀት፣ ከቆርቆሮ ሥር ቆሜ ክፍልፋይ አስተምሬ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ የምወጣ ሰው ነኝ። እናቴ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ታስጮኸኛለች።

ነገሩ የመጣው በአባቴ እግር ነው። አባቴ ወልደማርያም ሮቢ ወንዝ ዳር ማሾና ሽንኩርት ሲያለማ የኖረ ገበሬ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም እግሮቹ ያብጡ ጀመር። በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ከማሳው ቤት ለመድረስ ሦስት ቦታ ያርፋል። ጤና ጣቢያ ስወስደው ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎ መድኃኒት አዘዘለት። ሲስተር ሳሚያ የምትባለዋ ነርስ ደግሞ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ቲቸር። በቀን የሚገባለት ጨው ከአራት ግራም እንዳያልፍ። ካለፈ ውኃው ከእግሩ ወደ ሳንባው ይወጣል። ያኔ በእኔ እጅ የሚሆን ነገር አይደለም።"

አራት ግራም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቁጥር ከሆነ የኔ ነገር ነው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

ቤት ስንገባ ነው ችግሩ የገባኝ። እኛ ቤት ጨው ያለው በርበሬው ውስጥ ነው። እናቴ ፈለቀች የዓመቱን በርበሬ የካቲት ላይ ከነጨውና ከነቅመሙ አስፈጭታ በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ሞልታ አስቀምጣለች። ጨው የሌለበት ከገበያ ልግዛ ብል፣ "የማንን ቀይ አፈር ነው ለባሌ የምታበዪው?" አለችኝ። አልጫ ይብላ ብዬ አልጫ ተሠራለት። ሁለት ቀን በላ፤ በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጭራሽ መብላት ተወ። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። በእናቴ በርበሬ ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ ማወቅ፣ ወጡ ላይ ሌላ ጨው እንዳይጨመር መከልከል፣ ከዚያ በቀን ስንት ማንኪያ በርበሬ እንደሚበላ መወሰን።

ደብተሬን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ።

"እማዬ፣ በርበሬው ውስጥ ምን ያህል ጨው አስገባሽ?"

"የሚበቃውን።"

"የሚበቃው ስንት ነው?"

"እስኪበቃው ነዋ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት።

"ወፍጮ ቤት ሲመዘን ስንት ኪሎ አሉሽ?"

"ልጁ 'ብዙ ነው' አለኝ።"

"እሺ፣ ጨውን በምን ሰፈርሽው?"

"በምን እሰፍራለሁ? በጣሳዬ።"

ጣሳዋ እኔ ሕፃን ሳለሁ የዱቄት ወተት የመጣበት ነው። አፉ ተጣሟል፣ ታቹ ጎድጉዷል፣ ከዝገቱ ብዛት ቀለሙ ከበርበሬው አይለይም። እናቴ ሌላ መስፈሪያ አታምንም። የሚያምር የፕላስቲክ መለኪያ ገዝቼላት ነበር፤ ለጫጩቶቹ ውኃ ታጠጣበታለች።

"ስንት ጣሳ በርበሬ ነው?"

"ዛላውን ነው ድቁሱን?"

"ድቁሱን።"

"ሠላሳ።"

"ጨውስ?"

"ሁለት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሁለት ነው አልኩሽ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ነው።"

"ተቆልሎ ነው በአፉ ልክ?"

እናቴ እንደ ምስኪን አየችኝ። "በርበሬ ይቆለላል፣ ጨው በአፉ ልክ ነው። ይሄን ሳታውቂ ነው ባል ቤት የምትገቢው?" አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ባል የለኝም። ጨው ቢነሣም ባይነሣም ይህ ጥያቄ መንገዱን አያጣም።

ኮረሪማው ሃያ እፍኝ ነበር፣ ጥቁር አዝሙዱ ዐሥር እፍኝ፣ ነጭ ሽንኩርቱ "እስኪሸት"። የእፍኟን ልክ ላስመዝን አንድ እፍኝ በላስቲክ አስደፍቼ፣ ጣሳዋን ታቅፌ፣ እሷን አስከትዬ ወደ ነጅሙዲን ሱቅ ሄድኩ። ነጅሙዲን በእኛ ሰፈር ባለ ቁጥር ሚዛን ያለው እሱ ብቻ ነው። ሱቁ ፊት አምስት ሰው ተሰልፏል። ባዶ ጣሳውን አስቀመጥንና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለሰው።

"ቢስሚላህ" ብሎ ከቤት ያመጣነውን በርበሬ ቆልሎ መዘነ። አራት መቶ ግራም። ቀጥሎ ከሱቁ ጨው በአፉ ልክ ሞላው። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ።

እናቴ ወደ ሚዛኑ ጠጋ አለች። "ጣሳው ያው ጣሳ አይደል እንዴ? እንዴት ጨው ሦስት እጥፍ ይመዝናል? ሚዛንህ ያደላል።"

"ወላሂ እትዬ ፈለቀች፣ ሚዛን ዘመድ የለውም።"

"ታዲያ በርበሬዬ ቀላል ነው እያልከኝ ነው?"

የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። "እማዬ፣ ጣሳ የሚሞላው ቦታን ነው፤ ክብደትን አይደለም። ጭድና ድንጋይ በአንድ ቁና ብትሰፍሪ እኩል ይመዝናሉ?" አልኳት።

"ጭድ በቁና የሚሰፍር ሰው አላየሁም" አለች።

ልክ ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ጨውን ቆንጠር አድርጋ በጣቷ አሸችው። "ይሄ እኮ ደቃቁ ነው። እኔ የማስገባው ደንዳናውን ነው።"

"አሁን ነው የምትነግሪኝ?"

"አሁን ነው ያየሁት።"

በዚያ ፀሐይ ቤት ተመልሼ ደንዳናውን ጨው አመጣሁ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ እንደገና አስመዘንኩ። አንድ ኪሎ ከመቶ። መቶ ሃምሳ ግራም ልዩነት! ደንዳናው በፍሬዎቹ መሀል ክፍተት ስላለው ነው። ለእናቴ ይህንን ማስረዳቱን ትቼ ቁጥሩን ጻፍኩ።

ማታውን ሙሉ ቀመርኩ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ፈረሱላ፣ ዐሥራ ሰባት ኪሎ አካባቢ። ከዚያ ውስጥ ጨው ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ። በቢላ የተስተካከለ አንድ ማንኪያ በርበሬ ዐሥር ግራም ይመዝናል፤ ጨዉ አንድ ነጥብ ሦስት ግራም ነው። ስለዚህ በቀን ሦስት ማንኪያ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ከአራት በታች! በትልቁ ጽፌ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴን ወጥ ለብቻው የምሠራው እኔ ሆንኩ። መድኃኒቱንም የምሰጠው እኔ ነኝ። አባቴ አንድ ቀን አላጉረመረመም። "እሺ፣ መምህርት" ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

እግሩ ግን አልጎደለም። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ባሰበት፤ ተንጋሎ መተኛት አቅቶት ትራስ ደራርቦ ያድር ጀመር። ሲስተር ሳሚያ ጋ ወስጄው ደብተሬን አሳየኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ቁጥርሽ ልክ ከሆነ ሌላ ቦታ እየበላ ነው። ስንቱን አይቻለሁ፤ ቤት ይጾማሉ፣ ውጪ ይገድፋሉ።"

ቁጥሬማ ልክ ነው! ታዲያ የት ነው የሚበላው? ኪሱን ፈተሽኩ። ማሳ ሲወርድ ከኋላው ሰው ላክሁ። ምንም የለም። ከዚያ የግንቦት ሚካኤል ደረሰ። አባቴ በየወሩ በዐሥራ ሁለት የሚጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ወር ቀርቶ አያውቅም። እንጀራው በሽሮ፣ ዳቦው፣ ቆሎው፤ ሁሉም ጨው አለው። አገኘሁት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከማኅበርተኞቹ ጋር ቀስ እያለ መጣ። ቁርጭምጭሚቱ በካልሲው ላይ ተርፎ ፈስሷል። ሰው አለ አላልኩም፣ አባቴ ነው አላልኩም።

"ስትበላ ዋልክ አይደል? እኔ እዚህ በግራም እየመዘንኩ አንተ እዚያ ትሰርቀኛለህ! ከልጅ አትሻልም!"

"እኔ የበላሁት የለም፣ ልጄ።"

"ታዲያ እግርህን ምን አሳበጠው? ቁጥር አይዋሽም!"

"ሚካኤልን..."

"መልአኩን ለውሸት አትጥራው!"

ማኅበርተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው፣ "ደህና ዋሉ፣ ጋሼ ወልደማርያም" ብለው አለፉ። ሌሎቹም ተከተሉ። አባቴ በአጠገቤ አልፎ ገባ።

ከማግስቱ ጀምሮ እኔ በሌለሁበት አልበላ አለ። እናቴ ምሳ ስታቀርብለት ሳህኑን ከድኖ ይጠብቀኛል። ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ እንጀራው ደርቆ፣ ወጡ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። "መቅደስ፣ ነይ፤ ልበላ ነው" ይለኛል። ፊቱ እቀመጣለሁ፣ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ሲያሳፍረኝ ይኖራል። ጥሩ፣ አሁን ገባው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በዓይኔ እያየሁት እየበላም እግሩ አበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ቁጥሩን ይጠረጥራል። እኔ ሌሊት ተነስቶ በርበሬ ይልሳል ብዬ በርሜሉን ቆለፍኩት። እናቴ ቁልፉን ስታይ፣ "ቤቴን እስር ቤት አደረግሽው" አለች። መጨረሻ ላይ ሲስተር ሳሚያ በቁጣ "ያንን በርበሬ ተዪው፤ ጨዉ ያነሰ አዲስ አሠሪለት" አለችኝ። እናቴን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ አሳመንኳት። ሃያ ጣሳ ድቁስ በርበሬ፣ አንድ ጣሳ ጨው። "ከአንድ ጣሳ በታች ከሆነ ግን እጄን አላስገባበትም" አለች። እኔም በማንኪያ ብዛት አስተካክለዋለሁ ብዬ እሺ አልኩ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በርበሬው ሸራ ላይ ተቆልሎ እናቴ ጨው ልታስገባ ተቀመጠች። እኔ ደብተሬን ይዤ ራሷ ላይ ቆምኩ። ጣሳውን ሞላች፣ ከንፈሯን አነቃነቀች፣ ደፋችው። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ጣሳውን መልሳ ጨው ውስጥ ነከረችው።

"እማዬ! አንድ ነው ያልነው!"

"አዎ፣ አንድ" አለችና ሁለተኛውን ደፋች። "አንድ። በቃ።"

"ይሄ እኮ ሁለተኛው ነው!"

"የቱ ሁለተኛ?"

"ቅድም የደፋሽውስ?"

"የመጀመሪያው? እሱ ይቆጠራል እንዴ? እሱ የፈጣሪ ነው።"

ደብተሩ ከእጄ ወደቀ። ልማዱን አውቀዋለሁ። አውድማ ላይ አባቴ ማሽላ ሲሰፍር የመጀመሪያውን ቁና ጆንያው ውስጥ ይጨምረዋል እንጂ አይቆጥረውም፤ እህሉ እንዲባረክ ለፈጣሪ ይተወዋል፣ አንድ የሚለው ከሁለተኛው ነው። ልጅ ሆኜ ጆንያ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከወረዳችን ከቀወት ገበሬ ይህንን የማያውቅ የለም። ግን አውድማ ላይ እኮ ነው! በኩንታል በሚሰፈር እህል ላይ!

"ጨው ላይም?" አልኩ። ድምፄ እንደ ድመት ሆነ።

"ጨውን ማን ፈጠረው?"

"በርበሬውንም እንዲሁ ነው የሰፈርሽው?"

"ሁሉንም።"

ሠላሳና ሠላሳ አንድ ጣሳ በርበሬ ያው ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሁለትና ሦስት ጣሳ ጨው ግን ያው አይደለም። እኔ በቀን ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ግራም እያልኩ ለአባቴ አምስት ግራም ያለፈ ጨው፣ በገዛ እጄ፣ በቢላ እያስተካከልኩ አብልቼዋለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ጮህኩ።

"ሁለት ወር ሙሉ ስንት ስንት እያልሽ ነዘነዝሽኝ፣ ስንት እንደሆነ ነገርኩሽ! ሒሳብ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ!"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴ መጣ፣ ከዚያ ዕንባዬ መጣ። እናቴ በርበሬው ገባብሽ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግልኝ ሞከረች። የባሰ አቃጠለኝ።

አባቴ ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ቁርሱ ከፊቱ ተከድኗል። እኔን እየጠበቀ ነው።

"አባዬ፣ አልሰረቅክም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

እግሩ ላይ ተደፋሁ። ያበጠውን እንዳላሳምመው እጄን የት እንደማሳርፍ ቸገረኝ። ጣሳውን፣ የፈጣሪውን፣ ሁለቱንና ሦስቱን እያለቀስኩ ነገርኩት። ከዚያ ብብቴን ይዞ አነሳኝ።

"እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ያልሽኝ በር ላይ ነው፤ ሰው ፊት።"

"ነገ ማኅበር እንሂድ። ሰው ፊት እናገራለሁ።"

"እኔ እንኳን እቀራለሁ ብዬ ነበር" አለ። "ከሄድኩ በላ ትያለሽ ብዬ።"

በማግስቱ ነጭ ልብሱን ለበሰ። ጫማው ግን እምቢ አለው። ክሩን ፈትቼ፣ ምላሱን ጎትቼ፣ ተረከዙን ብገፋ አልገባም። "ተይው" አለኝና በሸበጥ ወጣ። ሠላሳ ዓመት በጫማ የሄደበትን መንገድ። ክንዴን ይዞ፣ ሁለት ቦታ አርፈን፣ እትዬ አስካለ ቤት ደረስን። ተራው የሳቸው ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ባለፈው ወር በር ላይ አባቴን ሌባ ብዬዋለሁ፤ ሰምታችኋል። አልሰረቀም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጨዉ ሁለት ጣሳ ነው ብዬ ቀመርኩ፤ የመጀመሪያው ጣሳ እንደማይቆጠር ረሳሁ።"

"የመጀመሪያው ይቆጠራል እንዴ?" አሉ ሦስት ሴቶች ባንድ አፍ። ለቀባሪ ማርዳት ማለት ይሄ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

እትዬ አስካለ የዳቦውን መሶብ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። "እኛንስ ምን አጠራጠረን፣ ልጄ? ካመማቸው ጀምሮ በማኅበሩ ማዕድ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው አያውቁም። ዳቦውን ይሳለሙትና ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ 'ልጄ በግራም እየመዘነች ነው የምታበላኝ፤ ልፋቷን አላበላሽባትም' አሉኝ።"

አባቴን አየሁት። ሸበጡን ከወንበሩ ሥር እየደበቀ ነበር።

ከቤታችን እስከ እትዬ አስካለ ደጅ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አንድ ቀን ተነስቼ አልጠየቅኩም።